«ምስለ ጠላት»፤ ለጦር ልምምድ የተፈጠሩ አገሮችና የስማቸው ታሪክ

የውትድርና ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቶሎ ከሚገጥሙት እንቅፋቶች አንዱ፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ ነገሮችን የሚሰይሙ ቃላት መብዛታቸው ነው። መድፍ መድፍ ነው፤ ምሽግም ምሽግ ነው፤ ለነዚህ አማርኛ ቃል አያጣም። ነገር ግን ለልምምድ ሲባል ብቻ በካርታ ላይ የተሳለ አገር፣ የዚያ አገር ነው የሚባል ጦር፣ ጦሩ ይናገረዋል የሚባል ቋንቋ፣ እነዚህንም ሁሉ አያይዞ የሚያቆም የፈጠራ ታሪክ ምን ምን ተብለው ይጠሩ? የጦር ልምምድ አዘጋጆች ከሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ በዚህ ጥያቄ ሲቸገሩ ኖረዋል። የችግሩ ሥር የቋንቋ ነው። ለልምምድ የሚፈጠር ስም ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ ግዳጆች አሉበት። ሠልጣኙ እንዲያምንበት እውነት መምሰል አለበት፤ ማንም እንዳይሳሳትበት ደግሞ ፈጠራ መሆኑን ማሳበቅ አለበት። ከዚህ በታች ታሪኩን በአጭሩ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ለአማርኛ የሚበጁ ጥቂት ቃላትን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ጦርነትን በጨዋታ መለማመድ ለኛ እንግዳ አይደለም። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው በዘንግ ይወራወራሉ፣ በጋሻም ይመክታሉ፤ ፈረስ መግራትን፣ ዒላማ መምታትን፣ ማምለጥንም ይማሩበታል። ዳሩ ግን ጉግስ ታሪክ የለውም። ተጋጣሚው ወገን ከየት መጣ፣ ለምን ተዋጋ፣ ንጉሡ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ የምንመረምረው ልምምድ በአንጻሩ ከጉልበትና ከብልሃት በፊት ትረካን የሚጠይቅ ነው።

ይህን ዓይነቱን ልምምድ መልክ አስይዘው ለአውሮፓ ያበረከቱት ፕሩሳዊው ባሮን ፎን ራይስቪትስና ልጃቸው ናቸው። አባትየው በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ የመሬት ገጽ የሚገጣጠምበት ትልቅ ጠረጴዛ አቀረቡ። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጅ ደግሞ ጨዋታውን ከጠረጴዛው ወደ ወታደራዊ ካርታ አወረደው፤ ደንቡንም በ1824 አሳተመ። «ክሪግስሽፒል» የሚባለው ይህ ነው፤ ቃል በቃል «የጦር ጨዋታ»። ካርታው ከ1 ለ8000 በሆነ ልኬት የተሠራ ነበር፤ አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ ውጊያን ይወክላል፤ የሁለቱ ወገን ጦሮችም በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይለያሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ጦር እንዳያይ በመካከላቸው ዳኛ ይቀመጣል።

ለቃላት አጥኚ ከሁሉ የሚያስደንቀው የዳኛው ሥራ ነው። ዳኛው ከጨዋታው በፊት አንድ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ጦርነቱ እንዴት እንደተነሣ፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ምን እንደሚፈለግ ይተርካል። ሁለቱም የሚያውቁት ክፍል «ጥቅል ሐሳብ» ይባል ነበር፤ ለያንዳንዱ ወገን በምስጢር የሚሰጠው ደግሞ «ልዩ ሐሳብ»። ሁለቱ ስያሜዎች ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ጦር መጻሕፍት ተተርጉመው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲሠራባቸው ቆይተዋል። ዛሬ «ሲናሪዮ» በሚለው ቃል የምንጠራው ነገር በአባቶቹ ዘንድ «ሐሳብ» ነበር ማለት ነው። በበኩሌ ይህ የቀድሞው ስም ከአሁኑ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ይመስለኛል።

«ሲናሪዮ» ራሱ የሩቅ መንገደኛ ነው። መነሻው በግሪክ ቋንቋ «ድንኳን» ማለት ነው። ተዋናዮች ልብስ የሚለውጡበት ድንኳን በላቲን የቲያትር መድረክ ሆነ፤ በጣልያንኛ የትወናው ዝርዝር የሚጻፍበት ወረቀት ተባለ፤ ከዚያም ወደ ሲኒማ ገባ። በ1950ዎቹ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት የኑክሌር ጦርነትን ያጠኑ የነበሩት ኸርማን ካን ቃሉን ከሲኒማ ሰዎች አፍ ወስደው ለስልት ጥናት እንዳዋሉት ይነገራል። ከድንኳን የተነሣ ቃል ብዙ ዞሮ ወደ ወታደር ድንኳን መግባቱ የቃላት ዕጣ ሆነና ነው።

ከፕሩሳውያን በኋላ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ስያሜ ቀለም ነው። በአሜሪካ ኒውፖርት የባሕር ኃይል ጦር ኮሌጅ የጦር ጨዋታ ከ1887 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የወጡት የአሜሪካ የጦር ዕቅዶችም ጃፓንን በብርቱካናማ፣ እንግሊዝን በቀይ፣ ጀርመንን በጥቁር፣ ሜክሲኮን በአረንጓዴ ሰየሙ። የቀለም ስም ፈጠራ መሆኑን በግልጽ ያሳብቃል፤ ማንንም አያስቀይምም፤ ነገር ግን ነፍስ የለውም። ለብርቱካናማ አገር ምን ዓይነት ገበሬ፣ ምን ዓይነት ከንቲባ ይታሰባል? ደግሞም ዕቅዱን የሚያውቅ ሁሉ የትኛው ቀለም የትኛው መንግሥት እንደሆነ ስለሚያውቅ መሸፈኛነቱ ስስ ነበር።

በመስከረም 1941 ወደ 400,000 የሚጠጉ ወታደሮች በተሰለፉበት የሉዊዚያና ልምምድ ሁለት የፈጠራ አገሮች ታወጁ። አንደኛው «ኮትምክ»፣ ሁለተኛው «አልማት» ተባለ፤ የጠባቸውም ምክንያት በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የመርከብ ጉዞ መብት ነው ተባለ። ስሞቹ ከግዛቶች ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተለቀሙ ናቸው፤ ካንሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስ፣ ሚዙሪና ኬንታኪ «ኮትምክ»ን ሰጡ። «አልማት» አፍ ይሞላል፤ «ኮትምክ» ግን በእንግሊዝኛ አፍ የሚታነቅ ነው። ማንም ሰው አገሩን እንዲህ ብሎ እንደማይጠራ የስሙ ድምፅ ብቻ ይመሰክራል። በምሕጻረ ቃል ስም የሚያወጡ የኛ መሥሪያ ቤቶችም ቢሰሙት ይጠቅማል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1946 በካንሳስ፣ በፎርት ራይሊ፣ ቋሚ የልምምድ ጠላት አቋቋመ፤ ስሙንም «አግሬሰር»፣ ማለት «ወራሪ» አለው። ይህ ጠላት እንደ ቀድሞዎቹ ለአንድ ሰሞን ብቻ የተሰየመ አልነበረም። ከጦርነቱ ፍርስራሽ በአውሮፓ ተነሣ የተባለ መንግሥት፣ ገዥ ፓርቲ፣ የራሱ የሆነ የጦር አደረጃጀት፣ ማዕረግ፣ የደንብ ልብስና ጉልላት ያለው የራስ ቁር ነበረው። ምልክቱ በነጭ ክብ ውስጥ የተቀመጠ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ ፓርቲውም በዚሁ ምልክት ተሰይሞ ነበር። በ1952 በቴክሳስ በተደረገው «ሎንግሆርን» በተባለው ልምምድ የወራሪው ጦር ላምፓሳስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ «ያዘ»፤ ከተማይቱ በራሷ ፈቃድ ተማረከች፣ ነዋሪዎቿም የተወረረ ሕዝብ ሆነው ተጫወቱ።

ይህ ጦር አንድ ነገር ጎደለው፤ ቋንቋ። የተማረከ ወታደር በምን ቋንቋ ይመረመር? የተያዘ ሰነድ በምን ቋንቋ ይጻፍ? ሩስኛ ቢሆን የጠላቱ ማንነት በግልጽ ይታወቃል፤ ጉዳዩም የዲፕሎማሲ ጣጣ ያመጣል። እንግሊዝኛ ቢሆን ልምምዱ ለመረጃ ሠራተኞችና ለአስተርጓሚዎች ትምህርት አይሆንም። በመጨረሻ የተመረጠው ኤስፔራንቶ ነው። በ1962 የጦር መሥሪያ ቤቱ ኤስፔራንቶን የወራሪው ቋንቋ አድርጎ የሚያስተምር የመስክ መጽሐፍ አወጣ፤ ሰዋስው፣ ንግግርና መዝገበ ቃላት ያለው።

የምርጫው ምክንያት ከቋንቋ ሙያ አንጻር ሲታይ አስተዋይነት አለው። ኤስፔራንቶ የማንም መንግሥት ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ ማንንም አይወነጅልም። ሥሮቹ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተወሰዱ በመሆናቸው ለሠልጣኙ የአውሮፓ ባዕድ ቋንቋ ሆኖ ይሰማል። ሰዋስውም የማይዛነፍ ነው፤ ስም ሁሉ በ«ኦ»፣ ቅጽል ሁሉ በ«አ»፣ ንኡስ አንቀጽ ሁሉ በ«ኢ» ይጨርሳል፤ በጥቂት ሳምንታት ለወታደር ሊሰጥ ይችላል። ከዚያም በላይ እውነተኛ ተናጋሪዎችና መጻሕፍት ያሉት ቋንቋ ነው፤ አዘጋጆቹ አዲስ ቋንቋ ከመፍጠር ድካም ዳኑ። ሁለቱ ግዳጆች፣ እውነት መምሰልና ፈጠራን ማሳበቅ፣ በአንድ ነገር ላይ ሲገናኙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያየነው ያኔ ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ሆኖም ቋንቋው የማን እንደነበር መርሳት አይቻልም። ሉድቪክ ዛመንሆፍ የተወለደው በ1859 በቢያሊስቶክ ከተማ ነው፤ ሩስኛ፣ ይድሽ፣ ፖልኛና ጀርመንኛ የሚናገሩ ሕዝቦች ጎን ለጎን እየኖሩ የሚጠላሉባት ከተማ ነበረች። በ1887 ቋንቋውን ያወጣው ይህ ጥላቻ የጋራ መነጋገሪያ ከማጣት ይመጣል ብሎ በማመኑ ነው። «ኤስፔራንቶ» «ተስፋ የሚያደርግ» ማለት ነው። ሦስቱም ልጆቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚዎች እጅ አለቁ። ከዚያ በኋላ ብዙም ዓመት ሳይቆይ የሰላም ቋንቋው ለወራሪ ጦር አፍ ሆነ። ኤስፔራንቶ «ጠላት» የሚለውን ቃል የሚሠራው «ማል» የሚለውን የተቃራኒ ቅጥያ «አሚኮ» (ወዳጅ) ላይ ጨምሮ ነው፤ «ማላሚኮ»፣ ማለት የወዳጅ ተቃራኒ። የቋንቋው ፈጣሪ ለጠላትነት የራሱ ሥር እንኳ አልሰጠውም። መጽሐፉን ያዘጋጁት መኮንኖች ይህን አስተውለው እንደሆነ አይታወቅም፤ እኔ ግን ለቋንቋው ከዚህ የከፋ ሹመት ማሰብ ያስቸግረኛል።

የወራሪው ጦር ዘመን በ1970ዎቹ አለፈ። የፈጠራው ጠላት ከእውነተኛው ጠላት ይልቅ ራሱን እየመሰለ ሄደ የሚል ወቀሳ በዛ፤ ሠራዊቱ የሚፈልገው የሶቪየትን አዋጊነት በትክክል የሚያሳይ ጠላት ሆነ። በካሊፎርኒያ በረሃ በፎርት አይርዊን በ1980 በተቋቋመው ብሔራዊ የማሠልጠኛ ማዕከል የተሰለፈው ጠላት በሶቪየት ሥርዓት የሚዋጋ ክፍለ ጦር ነበር፤ አገሩም «ክራስኖቪያ» ተባለ። በሩስኛ «ክራስኒ» ቀይ ማለት ነው፤ መጨረሻው ግን የላቲን አገር ስም ነው። የቀለም ስያሜው በስላቭ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ከ2003 የኢራቅ ጦርነት በኋላ ደግሞ በዚያው በረሃ እንደ መዲና ዋስል ያሉ የዐረብኛ ስም ያላቸው መንደሮች ተሠሩ፤ ከኢራቅ የተሰደዱ ሰዎችም በደመወዝ ከንቲባና ነጋዴ ሆነው ተጫወቱባቸው።

በ2010ሮቹ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቋሚ ዓለም ሰበሰበው። በካውካሰስ ካርታ ላይ አትሮፒያ፣ ጎርጋስ፣ ሊማሪያ፣ ዶኖቪያ፣ አሪያና የተባሉ አገሮች ተሳሉ፤ እያንዳንዱም የኢኮኖሚ፣ የሕዝብና የፖለቲካ መግለጫ ተጻፈለት። «አሪያና» የጥንት የኢራናውያን ምድር ስም ነው፤ «አትሮፒያ»ም የጥንቷን አትሮፓቴኔን ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤታችን ለምሥራቅ አፍሪካ ተመሳሳይ ዓለም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከአገሮቹም ሦስቱ ዚዋ፣ ንዩምባና ኩጄንጋ ናቸው። ስዋሂሊ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ «ዚዋ» ሐይቅ፣ «ንዩምባ» ቤት፣ «ኩጄንጋ» መገንባት ማለት ነውና። አገሩን «መገንባት» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ አልሰማንም። ስያሜው ለውጭው ሰው አፍሪካዊ ሆኖ ይሰማል፤ ለባለ ቋንቋው ግን ከመዝገበ ቃላት የተቀዳ የቃላት ዝርዝር ነው። እውነት የሚመስለው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በስም አውጪዎች ፊት ሁልጊዜ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ፈጠራው ደግሞ ከፈጣሪዎቹ እጅ ሊያመልጥ ይችላል። በ2017 ሩሲያና ቤላሩስ ላደረጉት «ዛፓድ» የተባለ ልምምድ ቬይሽኖሪያ፣ ሉቤኒያና ቬስባሪያ የተባሉ የጠላት አገሮች ተፈጠሩ። ቬይሽኖሪያ የተሳለችው በራሷ በቤላሩስ ሰሜን ምዕራብ ነበር። ካርታው ይፋ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤላሩስ ዜጎች ለዚህች አገር ባንዲራ ሰፉላት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አቆሙላት፣ ዜግነትም ጠየቁ። ለጠላትነት የወጣ ስም በቀልድ የወገን ስም ሆነ።

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። የኢትዮጵያ መኮንኖች የሙያ ቃላቸውን የተቀበሉት ከብዙ አፍ ነው። ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በሆለታ ስዊድናውያን አስተምረዋል፤ ከ1953 ስምምነት በኋላ አሜሪካውያን፣ በሐረር አካዳሚ ሕንዳውያን፣ ከ1977 በኋላ ደግሞ ሶቪየቶች መጥተዋል። እያንዳንዱ ቋንቋ ለልምምድ ጠላት የራሱ አስተሳሰብ አለው። ፈረንሳይኛ «ፕላስትሮን» ይለዋል፤ ይህም የሰይፍ ግጥሚያ መምህር ደቀ መዝሙሩ እንዲወጋው ደረቱ ላይ የሚያስረው መከላከያ ነው፤ እንግዲህ ጠላት ለመማሪያ የተሰጠ ደረት ነው። ሩስኛ «ኡስሎቭኒ ፕሮቲቭኒክ» ይላል፤ «ይሁን የተባለ ባላጋራ» እንደማለት ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ «ተቃራኒ ኃይል» ብሎ ጠላትነቱን ጨርሶ ያስቀረዋል።

አማርኛ ከሦስቱም መኮረጅ አያስፈልገውም። «ምስለኔ» የሚለው የቀድሞ የአስተዳደር ሹመት ስም «እኔን መሳይ» ማለት ነው፤ በሌለሁበት እኔን ሆኖ የሚቆም። «እንደራሴ»ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በዚህ ሥርዓት «ምስለ ጠላት» ብንል፣ ጠላት በሌለበት ጠላትን ሆኖ የሚቆም ወገን ማለታችን ነው። ቃሉ ጠላትነቱን አይሸሽግም፤ ውክልና መሆኑንም በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ይናገራል። «ባላጋራ» የሚለውን የሚመርጡ አሉ፤ ነገር ግን ባላጋራ በችሎት ፊት የሚቆመውንም ተከራካሪ ስለሚጨምር ውክልናውን አያሳይም። በውትድርና አማርኛ «የወገን ጦር» የሚባለው ስያሜ እንዳለ ሊቆይ ይገባል፤ ምንም እንኳ በልምምድ ሜዳ ላይ ምስለ ጠላቱም በእውነቱ ወገን ቢሆን።

ለ«ሲናሪዮ» በቅርብ ዓመታት «ቢሆንስ» የሚለው እንደ ስም ሆኖ ሲነገር ይሰማል፤ ለወደፊት ግምት ያገለግላል። ለጦር ልምምድ ግን የራይስቪትስን ክፍፍል የሚጠብቅ ስያሜ ይሻላል፤ «መነሻ ታሪክ» ለጠቅላላው፣ «የጋራ መነሻ» ሁለቱ ወገኖች ለሚያውቁት፣ «የምስጢር መነሻ» ለየብቻ ለሚሰጠው። «የጦር ጨዋታ» የሚለው ትርጉም አሳሳች ነው፤ በአማርኛ ጨዋታ ወግ መጨዋወትንም ስለሚጨምር ስለ ጦርነት መጫወት የምሽት ሥራ ይመስላል። (በካርታ ዙሪያ ተቀምጠው ሲከራከሩ ያየ ሰው ግን ትርጉሙ ብዙም አልራቀም ይል ይሆናል።) «የካርታ ልምምድ» ብንል ይበቃል።

የሚከብደው ቃል ግን ከፈጠራው መውጫ የሆነው ነው። በኅዳር 1983 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች «ኤብል አርቸር» በተባለው ልምምድ ወደ ኑክሌር ጦርነት የሚያደርስ ትእዛዝ በወረቀት ሲያስተላልፉ፣ አንዳንድ የሶቪየት ክፍሎች በተጠንቀቅ ቆመዋል፤ ሥጋቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በየካቲት 2002 የደረሰው ግን የሚያከራክር አይደለም። በሰሜን ካሮላይና የአሜሪካ ልዩ ኃይል ሠልጣኞች «ፓይንላንድ» በምትባል የፈጠራ አገር ውስጥ ይለማመዳሉ፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም እንደ አገሪቱ ዜጎች ሆነው ይሳተፋሉ። አንድ የአውራጃ ፖሊስ ሠልጣኞችን በመንገድ አስቆመ። ሠልጣኞቹ ፖሊሱ የልምምዱ ክፍል ነው ብለው አሰቡ፤ ፖሊሱ ስለ ልምምዱ አያውቅም ነበር። ተኩስ ተከፈተ፤ አንድ ወታደር ሞተ፤ ሌላው ቆሰለ። በመካከላቸው በዚያ ቅጽበት «ይህ ከፈጠራው ውጪ ነው» የሚል አንድ የጋራ ቃል አልነበረም።

የእንግሊዝ ጦር ለዚህ በሬዲዮ የሚጮኽ ቃል አለው፤ «ኖ ዳፍ» ይላሉ፤ «ዳፍ» በተራ አነጋገር የማይረባ፣ ሐሰተኛ ማለት ነው። በልምምድ መካከል በእርግጥ የቆሰለ ሰው ሲኖር ይህ ቃል ይቀድማል። ለአማርኛ «እውነተኛ» ወይም «ትክክለኛ» የሚሉት በቂ አይደሉም፤ በልምምዱ ውስጥም «ትክክለኛ መረጃ» ይባላልና። ሕፃናት ግን ጨዋታቸው ወደ ጠብ ሲያዘነብል ቃሉን አግኝተውታል፤ «የውሸት ነው የምር?» ይባባላሉ። «ምር» ከ«መረረ» ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ቃሉ የቤት ነው፣ ለደንብ መጽሐፍ አይመጥንም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣበት እጠብቃለሁ፤ «ዳፍ»ም ከዚያ የተሻለ ዘር የለውም። «የምር» ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ከ«ልምምድ» ጋር በሬዲዮ ጫጫታ ውስጥ አይምታታም፤ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ፖሊስም ሆነ ገበሬ ያለ ሥልጠና ይረዳዋል። ስለዚህ በልምምድ ደንብ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ እንዲነገር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ሁሉ ከመነሻ ታሪኩ ውጪ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀርባለሁ፦ «የምር፣ የምር፣ የምር፤ አንድ ቁስለኛ አለን።»